ሞተር ሳይክል ዝቅ ሲደረግ ኢንቹ ከየት ይመጣል?

ክሩዘር የሚባለው የሞተር ሳይክል ዓይነት ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ኮርቻው ከአብዛኞቹ ሞተሮች ዝቅ ያለ ነው፤ ይሁንና "ትንሽ ዝቅ ይበልልኝ" እየተባለ ጋራዥ ከሚገቡት ሞተሮች መካከል ዋነኛው እሱው ነው። ሰዎች ይህን የሚጠይቁት ወይ ለመልክ ወይ ለእግር ሲሉ ነው። የመልኩ ጉዳይ የቆየ ነው፤ ዊሊ ጂ ዴቪድሰን የነደፈው የሃርሊ ዴቪድሰን ሎው ራይደር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1977 ዴይቶና ላይ ለሕዝብ ከታየበት ጊዜ አንስቶ፣ መሬት ታክኮ የሚሄድ የሚመስል ረጅም ሞተር በአሜሪካ ጎዳናዎች የውበት መለኪያ ሆኖ ኖሯል። የእግሩ ጉዳይ ግን እንደ እኔ ቁመቱ 1 ሜትር ከ57 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው 250 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ብረት ይዞ ቀይ መብራት ላይ ሲቆም የሚገጥመው ነው። የምጽፈውም ከዚህኛው ወገን ሆኜ ነው።

ሞተሬ በ2000ዎቹ አጋማሽ የተሠራ የሃርሊ ዴቪድሰን ስፖርትስተር 883 ነው። ስፖርትስተር በእርግጥ ክሩዘር ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር ለሚወዱት ትቼዋለሁ። ከኋላ ሁለት ሾክ አብዞርበር፣ ከፊት ጎማውን የሚይዘው ባለ ሁለት ቱቦ፣ 39 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፎርክ፣ የኋላውን ጎማ የሚያዞር ቺንጋ፣ ሁሉም በግልጽ የሚታይ ነገር በመሆኑ፣ ሞተርን ዝቅ የማድረግን ሥራ ከዚህ በተሻለ የሚያስተምር አላየሁም። የምኖረው ሰሜን ቨርጂኒያ ሲሆን፣ በአካባቢያችን ሞተር መንዳት የጀመሩ ሐበሻ ሴቶች ሲያገኙኝ የሚያነሡልኝ ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "በስንት ኢንች ላሳጥረው?" ይሉኛል። መልሴም አንድ ነው፤ ኢንቹ ከየት ተቆርጦ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ስንት ኢንች ብሎ መወሰን አይቻልም።

ለመጀመር ያህል፣ በሻጮች መጽሔት ላይ የሚታተመው የኮርቻ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ሃርሊ ዴቪድሰን ለብዙ ዓመታት ሲያወጣ የቆየው አኃዝ፣ 180 ፓውንድ ማለትም 82 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት ሞላውንም ስፖንጁንም ከተጫነ በኋላ የተለካ ነው። የጃፓን ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጽፉት ደግሞ ማንም ያልተቀመጠበትን ከፍታ ነው። ስለዚህ የሆንዳ ሬብል 500ን 690 ሚሊ ሜትር ከሃርሊው አኃዝ ጎን አስቀምጦ "ይኼኛው ያጥራል" ማለት፣ ባዶ ከረጢትን ከሞላ ከረጢት ጋር እንደ ማነጻጸር ነው። ከዚህም በላይ፣ 52 ኪሎ የምትመዝን ሴት 82 ኪሎ የሆነው ሰው ያሰመጠውን ያህል ሞተሩን አታሰምጠውም፤ መጽሔቱ ቃል የገባላት ከፍታ እርሷ ስትቀመጥበት ከፍ ብሎ ይጠብቃታል፤ ልዩነቱንም በእግር ጣቷ ቆማ ትከፍለዋለች።

የኮርቻው ስፋትም ከከፍታው ባልተናነሰ ይወስናል። ኮርቻው ከታንከሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሰፊ ከሆነ ጭን ወደ ውጭ ይከፈታል፤ እግርም ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ ጎን ለጎን ይዘረጋና ርዝመቱ ይባክናል። እኩል ከፍታ ካላቸው ሁለት ሞተሮች በአንዱ ላይ ተረከዜ መሬት ሲነካ በሌላው ላይ በጣቴ የምንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ሞተር ዝቅ ለማድረግ የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት የሰውነቱን ቁመት ሳይሆን ከብሽሽት እስከ ተረከዝ ያለውን ልክ፣ ቀጥሎም ያ ልክ በየትኛው ኮርቻ ላይ እንደሚባክን ነው።

ገንዘብ ሳይወጣ የሚገኘው የመጀመሪያው ዝቅታ ከሞላው ማስተካከያ ይመጣል። የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሣ ሞተሩን በክሪክ ከፍ አድርጎ፣ ከጎማው መሐል ዘንግ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ፓራፋንጎው ላይ እስከተደረገ ምልክት ያለውን ርቀት መለካት፤ ከዚያ ሞተሩን አውርዶ፣ ሙሉ የመንጃ ልብስ ለብሶ፣ በሁለቱም እግር መርገጫዎች ላይ ወጥቶ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ርቀት እንደገና እንዲለካ ማድረግ ነው። የሁለቱ ልዩነት፣ ጎማው በጠቅላላ ከሚንቀሳቀስበት ርቀት አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲሆን ሞላው ለሰውየው ክብደት ተስማምቷል ይባላል። የእኔ ሞተር ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር የሚሰምጠው፤ የቀድሞው ባለቤት ከባድ ሰው ስለነበር የሾኮቹን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ጥርስ አጥብቆታል። በመንጠቆ ቁልፍ ወደ መጀመሪያው ጥርስ ሲመለስ ኮርቻው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወረደ፤ መንገዱም ለወገቤ የተሻለ ሆነ። ዝቅታና ምቾት አብረው የሚመጡት በዚህ ደረጃ ብቻ መሆኑን ልብ በሉልኝ፤ ከዚህ በኋላ አንዱ የሚገኘው ሌላው ተሽጦ ነው።

ሁለተኛው ኮርቻው ራሱ ነው። የመኪና ወንበር የሚያለብስ አንድ ባለሙያ ጋ ወስጄው፣ ቆዳውን ገፍፎ፣ ወጥ ቤት ሥጋ በሚቆረጥበት የኤሌክትሪክ ቢላዋ ስፖንጁን ከጎንና ከጎን አቀጠነው፤ ከላይ የወሰደው ጥቂት ነው። ብዙዎች ከላይ ብቻ ያስቆርጡና ከታች ያለው የፕላስቲክ ወለል ከጭራ አጥንታቸው ጋር እስኪገናኝ ድረስ ያሳንሱታል፤ ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላም ሲጸጸቱ አይቻለሁ። ከጎን የተቆረጠው ግን እግርን ቀጥ ብሎ እንዲወርድ ስለሚፈቅድለት፣ መለኪያው ላይ ሳይታይ መሬት ላይ ይታያል። ወፍራም ሶል ያለው የሞተር ጫማ ሲጨመርበት፣ አንድም የሞተሩ ቡሎን ሳይፈታ በድምሩ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚያህል አግኝቻለሁ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ምንም አይጎድልበትም ብዬ አምናለሁ፤ እኔ ግን መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሞተሩን ተቀምጬበት ወደ ኋላ መግፋት ስላቃተኝ ቀጠልኩ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ኢንች ከጎማው ጉዞ፣ ማለትም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚንቀሳቀስበት ርቀት፣ የሚቆረጥ ነው። የዚህን ዋጋ ፋብሪካው ራሱ በግልጽ አሳይቶናል። ከ2016 ሞዴል ጀምሮ ጎን ለጎን ከተሸጡት ስፖርትስተሮች መካከል ዝቅ ያለው አይረን 883 የኋላ ጎማው የሚንቀሳቀሰው 41 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ ከፍ ያለው ሮድስተር ግን 81 ሚሊ ሜትር ነበረው። ከ41 ሚሊ ሜትሩ ላይ ነጂው ሲቀመጥ የሚሰምጠው አንድ ሦስተኛ ሲቀነስ፣ ለጉድጓድና ለመንገድ ስንጥቅ የሚተርፈው 27 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሁለት ጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። የአንድን ጉድጓድ ምት በግማሽ ርቀት ለማስቆም በአማካይ እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል፤ ያ ኃይል መጨረሻ ላይ የሚያርፈው አከርካሪ ላይ ነው። ጉዞው ሲያልቅ ደግሞ ሾኩ መጨረሻው ላይ ካለው የላስቲክ ማቆሚያ ጋር ይጋጫል፤ ይህ በኩርባ ውስጥ ከሆነ የኋላው ጎማ አስፋልቱን ለቅጽበት ሊለቅ ይችላል። የፍጥነት መግቻ በየሰፈሩ በተደረደረበት ከተማ የሚነዳ ሰው ደግሞ የሻንሲው ሆድ መግቻውን መፋቁን ጨምሮ ማሰብ ይኖርበታል።

የኋላውን ለማውረድ በገበያ ላይ ሁለት መንገድ ይቀርባል። አንዱ አጭር ሾክ መግዛት ነው። ሌላውና ርካሹ፣ የሾኩን የታች ጫፍ ከነበረበት ቦታ ወደ ታችና ወደ ኋላ የምታሸሽ፣ የኋላውን ጎማ ከያዘው ክንድ (ስዊንግ አርም) ጋር የምትታሰር ትንሽ የብረት ማገናኛ ናት። ዋጋዋ ያጓጓል፤ እኔ ግን ለማንም አልመክራትም። ምክንያቱም ሾኩ ራሱ አላጠረም፤ የሚታመቅበት ርቀት እንደ ቀድሞው ሙሉ ነው፤ ስለዚህ ጎማው ፋብሪካው ካሰበው በላይ ከፍ ብሎ ወደ ፓራፋንጎው ውስጥ መግባት ይችላል። በተጨማሪም ሾኩ ይበልጥ ስለሚጋደም ሞላው ለስላሳ የሆነ ያህል ይሰማል፤ ቶሎም ይታመቃል። በሚገባ የተሠራ አጭር ሾክ ግን ተዘርግቶ ሲለካ ያጥራል እንጂ ሙሉ በሙሉ ታምቆ ሲለካ ከቀድሞው ሾክ ጋር እኩል ወይም ረዘም ያለ ነው፤ ጎማውም ድሮ ይቆምበት ከነበረው ቦታ አያልፍም። ሾክ ስትገዙ ስለ ተዘረጋው ልክ ሻጩ ሳይጠየቅ ይነግራችኋል፤ የታመቀውን ልክ ግን እናንተ ጠይቁት።

ሁሉም ሞተር እንደ ስፖርትስተር አይደለም። ከ1984 እስከ 2017 ሞዴል የተሠሩት የሃርሊ ሶፍትቴሎች፣ ቢል ዴቪስ የተባለ የሴንት ሉዊስ ሰው ከፈለሰፈው ንድፍ የመነጩ ሲሆኑ፣ ሾኮቻቸው ከሻንሲው በታች ተጋድመው ተደብቀዋል፤ ጎማው ሲነሣም የሚለጠጡ እንጂ የሚታመቁ አይደሉም። በዚህ የተነሣ ሶፍትቴልን ዝቅ ለማድረግ ሾኩን ማሳጠር ሳይሆን ማስረዘም ያስፈልጋል፤ ይህን የማያውቅ ሰው ማስተካከያውን ወደ ተቃራኒው አዙሮ ሞተሩ ለምን ከፍ እንዳለ ሲገረም ይውላል። ያማሃ ቪ ስታር 650 ደግሞ ከኮርቻው ሥር አንድ ሾክ ብቻ ስላለውና እሱም ከስዊንግ አርሙ ጋር በማገናኛ ብረቶች ስለተያያዘ፣ ዝቅ የሚደረገው ሾኩ ሳይነካ ማገናኛዎቹን በመቀየር ነው። ያ ሞተር ኃይሉን በዘንግ እንጂ በሰንሰለት ስለማያስተላልፍ፣ በኋላ የማነሣው የቺንጋ ጣጣም የለበትም።

ስለ ሞላው ጥንካሬ ሰው ሁሉ የሚደጋግመው ምክር አለ፤ "ጉዞው ካጠረ ሞላው ይጠንክር" ይባላል። ምክሩ በራሱ ትክክል ነው፤ አጭር ጉዞ ያለው ሾክ ቶሎ እንዳይታመቅ የጠነከረ ሞላ ይፈልጋል። ነገር ግን ሞተሩን ለእግሩ ሲል የሚያሳጥር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ብቻ ሳይሆን ቀላልም ነው። ለ52 ኪሎ ሰው ለ100 ኪሎ የተሠራ ሞላ ያለው አጭር ሾክ ሲገጠምለት፣ ሲቀመጥበት ጨርሶ አይሰምጥም፤ በማጠሩ ካገኘው ዝቅታ ላይም ጥሩ አድርጎ ይመልስበታል፤ በላዩ ላይ እያንዳንዱን ጠጠር ይቆጥራል። ስለዚህ ሾክ ሳዝ ክብደቴን ከነልብሴ ተናግሬ ለዚያ የሚሆን ሞላ እንዲገጠምለት ጠየቅሁ፤ ከቀድሞው በአንድ ኢንች ብቻ የሚያጥረውን መረጥኩ። ሁለት ኢንች የሚያጥረውም እዚያው መደርደሪያ ላይ፣ በዚያው ዋጋ ነበር።

የኋላውን ብቻ አውርዶ የፊቱን መተው በጣም የተለመደ ነው፤ ፎርክ መፍታት ከባድ ስለሚመስል። ውጤቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሁለቱ ጎማዎች መሐል ዘንጎች መካከል ያለው ርቀት በእኔ ሞተር 1 ሜትር ከ52 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ኋላው አንድ ኢንች ሲወርድ ሞተሩ በሙሉ አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ 30 ዲግሪ ገደማ የነበረው የፎርኩ ዝንባሌም ወደ 31 ይጠጋል። መሪው ይከብዳል፤ በቀጥታ አውራ ጎዳና ላይ ይህ እርጋታ መስሎ ያስደስታል፤ መኪና ማቆሚያ ውስጥ በዝግታ ሲታጠፉ ግን የፊት ጎማው ወደ ውስጥ ይወድቃል፤ አጭር ሰው ደግሞ የሚቸገረው በትክክል እዚያ ነው። የፊት መብራቱም አብሮ ወደ ላይ ያንጋጥጣል፤ ከግድግዳ በ7.6 ሜትር ርቀት ላይ ሲለካ ብርሃኑ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ለመውጋት ይበቃል። በዚያ ላይ ኮርቻው ከኋላው ጎማ ወደ ፊት ስለሚርቅ፣ ኋላው አንድ ኢንች ሲወርድ ኮርቻው የሚወርደው የዚያን ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፊትና ኋላ እኩል ሲወርዱ ግን ኢንቹ ሳይሸራረፍ ከእግር በታች ይደርሳል፤ የመሪው ጠባይም እንደነበረ ይቆያል።

ፊቱን ለማውረድ ቀላሉ መንገድ የፎርኩን ቱቦዎች ከያዟቸው የላይኛውና የታችኛው ማቀፊያዎች አላልቶ ወደ ላይ ማንሸራተት ነው። ቱቦዎቹ ከላይ በትልቅ ዳዶ የሚታሰሩባቸው፣ በቆርቆሮ ሽፋን የተከደኑ ብዙ ክሩዘሮች ግን ይህን አይፈቅዱም፤ የሚፈቅዱትም ቢሆኑ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ሲታመቅ የፊቱ ፓራፋንጎ ከታችኛው ማቀፊያ ጋር እንዳይጋጭ መፈተሽ ግድ ነው። እኔ የመረጥኩት ከውስጥ ማሳጠርን ነው። ፎርኩ ውስጥ ከታች በቡሎን የተያዘ ቀጭን ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ራስ ሥር ፎርኩ ሲዘረጋ የሚያቆመው አጭር ሞላ ተሰክቷል። በዚያች ሞላ በኩል 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሲጨመር፣ ፎርኩ ያንኑ ያህል ሳይዘረጋ ይቀራል። ከትልቁ ሞላ በላይ ያለው መጫኛ ቱቦ ደግሞ በዚያው ልክ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ ሞላው ከመጠን በላይ ይታመቃል።

ይህን የሠራነው እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ካላቸው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቬስፓ ሲጠግኑ ከቆዩ አንድ አባት ጋር ነው። ከላይ ያለውን ክዳን ልከፍት እጄን ስዘረጋ "ቆይ ልጄ" አሉኝ፤ "ሞላው ሳይወጣ መጀመሪያ የታችኛውን ቡሎን አላልቺው። ሞላው ዘንጉን ተጭኖ ይዞልሻል። አውጥተሽው ከሆነ ዘንጉ አብሮ ይሽከረከራል፤ ቡሎኑ እስከ ማታ አይፈታልሽም።" "እሺ ጋሼ" ብዬ ከሥር በአለን ቁልፍ ስይዘው፣ አንዴ ጠጠር ብሎ "ጠቅ" አለና ለቀቀ። የወጣው ዘይት ቀዩ ቀለሙ ጠፍቶ እንደ እርሳስ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ በጣታቸው አሽተው ለብርሃን ሲያሳዩኝ የብረት ዱቄት ያብለጨልጫል። አዲሱ ዘይት ሲሞላም በሊትር መለካት አይበቃም፤ ሞላው ወጥቶ ቱቦው እስከ መጨረሻው ወርዶ ሳለ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ገጽ ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል፤ የሁለቱም የፎርክ ቱቦዎች ልክ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ጋሼ የተጨመረችውን ቱቦ ጫፎች በሞረድ ቀጥ እስኪሉ ድረስ ሲያስተካክሉ የወሰደባቸው ጊዜ ፎርኩን ከመፍታቱ በልጧል።

የኋላውን ስንገጥም ደግሞ እስካሁን ለሰው ሁሉ የማወራለትን ነገር አሳዩኝ። አዲሶቹ ሾኮች ሙሉ በሙሉ ሲታመቁ የሚኖራቸውን ልክ ከሻጩ ተቀብለን ነበር፤ ጋሼ በዚያ ልክ ሁለት ጣውላ ቆርጠው፣ ጫፎቻቸውን በስተው፣ በሾኮቹ ቦታ አሰሯቸው። ሞተሩ ከታች ተደግፎ ጣውላዎቹ ላይ ሲቆም፣ ጎማው ከመቼውም በላይ ከፍ ብሎ ሊደርስበት የሚችለው ቦታ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ጎማውን በእጅ እያዞርን በባትሪ ከሥር ስናይ፣ ከጎማው እስከ ፓራፋንጎው ጣቴ ያልፋል፤ ነገር ግን ፓራፋንጎውን ከሻንሲው ጋር ከያዙት ቡሎኖች የአንዱ ራስ፣ ወደ ውስጥ ገብቶ ጎማውን ሊልስ ምንም አልቀረውም። ከእሱ ጎን የኋላ መብራቱ ሽቦ ከማያዣው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። ቡሎኑን ራሱ ጠፍጣፋ በሆነ ቀየርነው፤ ሽቦውንም መልሰን አሰርነው። ያ ሽቦ በአውራ ጎዳና ላይ ቢበጠስ ኖሮ የፍሬን መብራቴ መጥፋቱን የማውቀው ከኋላዬ ያለው ሰው ሲነግረኝ ብቻ ነበር።

ዝቅ ያለ ሞተር ብዙ አያጋድልም፤ ይህን ነገር ሻጮች በአንድ መስመር ያልፉታል። በግርድፉ እናስላው፤ የእግር መርገጫው ጫፍ ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሞተሩ መሐል መስመር 45 ሴንቲ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ መሬት እስኪነካ ድረስ ወደ 34 ዲግሪ ያጋድላል፤ ሞተሩ በአንድ ኢንች ሲወርድ ግን ወደ 31 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። ራዲየሱ 30 ሜትር በሆነ ኩርባ ላይ ይህ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 48 እንደ መውረድ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ በፍጥነት ረገድም ትንሽ ነው። ችግሩ እነዚያ ሁለት ዲግሪ ተኩል ለፍጥነት የተቀመጡ አለመሆናቸው ነው፤ የተቀመጡት ኩርባው ከገመቱት በላይ ሲጠብ ነው። ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ በሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ ላይ 105 ማይል የሚጠማዘዘው ስካይላይን ድራይቭ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት 35 ማይል ነው፤ በዚያ ፍጥነት የሚነዳ ሰው ዝቅ ባለ ሞተርም ሳይጨነቅ ይውላል። ሆኖም አጋዘን ከጫካው ዘልላ ስትገባ ወይም ከፊት ያለው መኪና ለፎቶ ድንገት ሲቆም፣ መስመርን ለማጥበብ የቀረው ማጋደል ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚነካው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅም እንዲሁ። የእግር መርገጫው ማጠፊያ ስላለው አስፋልት ሲነካ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ድምፁ ያስደነግጣል እንጂ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ማስጠንቀቂያ ነው። የማይታጠፍ ብረት ግን ሌላ ነገር ነው። በስፖርትስተር በቀኝ በኩል ሁለቱ ማርሚታዎች፣ በግራ በኩል የጎን ማቆሚያው አሉ፤ ከእነዚህ አንዱ አስፋልት ላይ ካረፈ ሞተሩን እንደ ክሪክ አንሥቶ የኋላውን ጎማ ሊያስለቅቀው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ ከወረደ በኋላ ሁለት ሰው ደግፎት፣ ቀስ በቀስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጋደሉ፣ ከመርገጫው በፊት የሚነካ ነገር አለመኖሩን ማየት ይገባል። ለመልክ ሲሉ ረጃጅም ማርሚታ ያስገጠሙ ሰዎች ይህን ቢያደርጉ ብዙዎቹ ሾካቸውን መልሰው ያስረዝሙ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የጎን ማቆሚያው የተረሳ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ሲወርድ ማቆሚያው ስላላጠረ፣ ሞተሩ ቀድሞ ይደገፍበት እንደነበረው ሳያጋድል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ መሬቱ ትንሽ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ወይም ነፋስ ከገፋው በሌላኛው ጎኑ ይወድቃል። ለእኔ የተገኘው መፍትሔ ከፋብሪካ ዝቅ ብለው ለሚወጡት ስፖርትስተሮች የሚሠራውን አጭር ማቆሚያ ገዝቶ መግጠም ነበር። የቀድሞውን ቆርጦ መበየድ ርካሽ ቢሆንም፣ 250 ኪሎ በአንድ ብየዳ ላይ ማሳደር አልወደድኩም።

ቺንጋውም እንደገና ይለካል። ስዊንግ አርሙ የሚገኝበት ማዕዘን ሲቀየር፣ ቺንጋው በተጠመጠመባቸው በፊተኛውና በኋላኛው ጥርስ መካከል ያለው ርቀት ጥቂት ይለወጣል፤ ቺንጋው ከሁሉ ይበልጥ የሚወጠረው የፊተኛው ጥርስ፣ የስዊንግ አርሙ ማጠፊያና የኋላው ጎማ መሐል በአንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። ሞተሩ ባዶ ቆሞ የላላ የሚመስል ቺንጋ፣ ሰው ሲቀመጥበት ከመጠን በላይ ሊወጠርና ኩሽኔታ ሊበላ ስለሚችል፣ ልኬቱን ሰው ተቀምጦበት ደግሞ ማረጋገጥ ብልህነት ነው። የፊት መብራቱን በተመለከተ፣ ፊትና ኋላ እኩል ስለወረዱ ማዕዘኑ አልተቀየረም። ቢሆንም በቨርጂኒያ ሞተር ሳይክልም በየዓመቱ የደኅንነት ምርመራ ስለሚደረግለት፣ ከቀጠሮው በፊት በጋራዡ ግድግዳ ላይ አብርቼ አይቼዋለሁ።

አሁን ቀይ መብራት ላይ ስቆም የሁለቱም እግሮቼ የፊት መዳፍ ሙሉ በሙሉ መሬት ይይዛል፤ ወደ አንድ ጎን ጥቂት ሸርተት ካልኩ አንዱ ተረከዝ ይወርዳል፤ ሞተሩንም ተቀምጬበት ወደ ኋላ እገፋዋለሁ። ሁለቱም ተረከዞች እስኪወርዱ ድረስ ለመሄድ ሌላ ኢንች ተኩል ያስፈልግ ነበር፤ ያ ኢንች ተኩል ከጎማው ጉዞ የቀረውን አብዛኛውን ይወስድ ስለነበር ተውኩት። የቀድሞዎቹ ሾኮች፣ የተቆረጠው ቱቦ ምትክና ረጅሙ ማቆሚያ በአንድ ካርቶን ተጠቅልለው ጋራዥ ውስጥ አሉ፤ ሞተሩን አንድ ቀን የሚገዛው ሰው ረጅም ሊሆን ይችላልና።

የተቀየረብኝ ልማድ አንድ ነው፤ ሰው ማፈናጠጥ እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ለ52 ኪሎ የተመረጠ ሞላና ያጠረ ጉዞ ሁለተኛ ሰው ሲጨመርበት መጨረሻው ላይ ለመድረስ ብዙ አይቀረውም። ስለዚህ ወንድሜ "አድርሺኝ" ባለ ቁጥር መጀመሪያ የመንጠቆ ቁልፉን አውጥቼ ሁለቱን ሾኮች ሦስት ጥርስ ወደ ላይ አጠብቃለሁ፤ እሱም ራስ ቁሩን አጥልቆ፣ እጁን አጣምሮ፣ እስክጨርስ ድረስ ቆሞ ይጠብቃል።